ግንቡ ድንጋይ ነው፣ ከተማዋ ግን የኖረችው በእንጨት ነው፦ ጎንደር ላይ ስለ ጥንት ከሰል ያደረግኩት ንግግር

ይሄ ጎንደር ላይ ለአስጎብኚዎች፣ ለተማሪዎችና እንዲሁ ወሬው ስቧቸው ለመጡ የሰፈር ሰዎች ያወራሁት ነው። ብዙም አላስተካከልኩትም፣ አፌ ላይ እንደመጣ ነው የጻፍኩት፣ መሃል ላይ የተጠየቅኩትንም እዛው ቦታው ላይ ከትቼዋለሁ።

እሺ እንጀምር። ጎንደር ላይ ቆሞ ስለ ጥንት አወራለሁ የሚል ሰው መቼም ስለ ድንጋይ ነው የሚያወራው፣ የፋሲል ግንብ፣ መዋኛው፣ ቁስቋም፣ ያው እናንተ በየቀኑ ለእንግዳ የምታስረዱት ነገር ነው። እኔ ግን ዛሬ የመጣሁት ስለ ከሰል ላወራ ነው። አዎ ከሰል፣ አትሳቁ። ምድጃ ስር የሚቀረው፣ ቤት ሲቃጠል አፈር ውስጥ የሚቀበረው፣ መሠረት ሲቆፈር የቀን ሠራተኛው ከአፈሩ ጋር በአካፋ ዝቆ የሚደፋው ጥቁር ነገር። ይቺ ከተማ ያለ እንጨት አንድ ቀን አታድርም ነበር። እንጀራው የሚጋገረው በእንጨት፣ ጠላው የሚጠመቀው በእንጨት፣ ፎቁ የተረበረበው በእንጨት፣ ግንቡን ያያያዘው ኖራ ራሱ ድንጋዩን ወደ 900 ዲግሪ አካባቢ አግለው ካላቃጠሉት ኖራ አይሆንም፣ ያም እንጨት ነው። ታዲያ ይሄ ሁሉ እንጨት ከየት መጣ፣ ምን ዓይነት ዛፍ ነበር፣ አለቀ ወይስ አላለቀም፣ ይሄን ጥያቄ ሊመልስልን የሚችለው ነገር እግራችን ስር አለ፣ ጠያቂ ነው ያጣው።

መጀመሪያ ከሰል ለምን እንደማይበሰብስ እንነጋገር፣ ሌላው ሁሉ የቆመው እዚህ ላይ ስለሆነ። እንጨት አፈር ውስጥ ብትቀብሩት ምስጥ፣ ፈንገስ፣ ባክቴሪያ ምናምን ተባብረው ይጨርሱታል፣ ምስጥ አይደፍረውም ተብሎ ለምሰሶ የሚመረጠው ጽድ እንኳን ቀኑ ሲደርስ ይሄዳል። አየር እንደልቡ አግኝቶ ከነደደ ደግሞ አመድ ሆኖ ያልቃል። ከሰል የሚፈጠረው በሁለቱ መሃል ነው፣ ሙቀቱ ከፍ ብሎ ሦስት አራት መቶ ዲግሪ ሲደርስና ኦክስጅን ሲያንስ፣ ለምሳሌ ፍሙን አመድ ሲያለብሰው፣ ወይ ጣሪያው ተንዶ የሚነደውን ወራጅ አፈር ሲያፍነው። ከሰል የሚያከስሉ ሰዎች የሚያደርጉት ይሄንኑ ነው፣ ከምረው፣ በሳርና በአፈር ደፍነው፣ ጭሱን እያዩ መጠበቅ። ውሃውና ጋዙ ወጥቶ የሚቀረው በብዛት ካርቦን ነው፣ እሱን ደግሞ አፈር ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ነፍሳት እንደ ምግብ አያዩትም። ስለዚህ ሺህም አስር ሺህም ዓመት ይቆያል። የከሰል ጠላቱ መሰባበር ነው፣ ሰው ሲረግጠው፣ ማረሻ ሲገለብጠው፣ ክረምት ርሶ በጋ ሲደርቅ እየደቀቀ ይሄዳል።

እና ደስ የሚለው ነገር እንጨቱ ሲከስል ትንሽ ይኮማተራል እንጂ አሠራሩ አይጠፋም። ውሃ የሚያመላልሱት ቱቦዎች፣ ከመሃል ወደ ቅርፊት የሚዘረጉት ጨረሮች፣ ሴሉ ሁሉ በየቦታው አለ። እያንዳንዱ የዛፍ ወገን ደግሞ የራሱ አሠራር አለው፣ ስለዚህ ዘሩን ማወቅ ይቻላል ማለት ነው።

እንዴት ነው የሚታየው ለምትሉኝ፣ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ትይዛላችሁ። በቢላ አትቆረጥም፣ ቢላ ገጿን ያደቀዋል፣ ከዛ ጥላሸት ብቻ ነው የምታዩት። በጣታችሁ ይዛችሁ ወይ የምላጭ ጫፍ ጫን አድርጋችሁ ትሰብሯታላችሁ፣ ቀጭ ትላለች፣ የሚያብለጨልጭ አዲስ ገጽ ይወጣል። አንዴ አግድም ትሰበራለች፣ የተቆረጠ ግንድ ከላይ ሲታይ ማለት ነው፣ አንዴ ከመሃል ወደ ቅርፊት በሚሄደው አቅጣጫ ቁልቁል፣ አንዴ ደግሞ ቅርፊቱን ተከትሎ ቁልቁል። ሦስቱም ገጽ ያስፈልጋል፣ በአንዱ ብቻ የሚፈርድ ሰው ካያችሁ ሽሹት። ከዛ እንዳትገላበጥ አሸዋ ያለበት ትንሽ ሳህን ላይ ትተከላለች፣ ማይክሮስኮፑም ብርሃኑ ከላይ የሚመጣ መሆን አለበት፣ ከሰል ብርሃን አያሳልፍማ። ከ50 እጥፍ ጀምራችሁ እስከ 500 እጥፍ ድረስ እያጎላችሁ ትሄዳላችሁ።

ጽድ ሲሆን ወዲያው ታውቁታላችሁ፣ ጽድና ዝግባ ሰፋፊ ቱቦ የሚባል ነገር የላቸውም፣ አግድም ገጻቸው ላይ ደቃቅ ደቃቅ ሴል በመስመር በመስመር ተሰልፎ ነው የሚታየው፣ ንጽህናው ራሱ ደስ ይላል። ወይራ ቱቦ አለው፣ ግን በጣም ጠባብ ነው፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ሆነው ተያይዘው በጨረሩ አቅጣጫ ይቆማሉ፣ መሃሉን ግድግዳው የወፈረ ሴል ሞልቶታል፣ ወይራ ለምን እንደሚከብድና ፍሙ ለምን እንደሚቆይ እዛው በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ግራር ደግሞ ልክ እንደ እንጀራ ዓይን ቀዳዳዎቹ ፈገግ ብለው ይታያሉ፣ ዙሪያቸውን ግድግዳው የሳሳ ሴል ከቧቸዋል። ግን ግራር ነው ብላችሁ ታቆማላችሁ እንጂ የትኛው ግራር የሚለው ብዙ ጊዜ አይለይም፣ የቅርብ ዘመዳሞች ስለሆኑ። አንዳንዴም ከሰሉ ቀልጦ እንደ መስታወት ሆኖ ይመጣል፣ ያኔ አልታወቀም ብሎ መጻፍ ነው።

ከዛፉ ስም ሌላም ነገር ይነበባል። የዓመት ቀለበቱ በጣም ከተጠማዘዘ ቅርንጫፍ ወይ ጭራሮ ነበር፣ ቀጥ ካለ ከትልቅ ግንድ የተፈለጠ ፍልጥ ነው። ቱቦው ውስጥ የፈንገስ ክር ከታየ እንጨቱ ከመቃጠሉ በፊት መበስበስ ጀምሮ ነበር ማለት ነው፣ ማለትም ዛፍ አልቆረጡም፣ የወደቀ ደረቅ ነው የለቀሙት። እኔ በግሌ ከዛፉ ስም በላይ ይሄኛው ነው የሚመስጠኝ፣ ምክንያቱም እንጨት ለቃሚዋ ምን እንዳነሳች ነው የምታዩት።

አንድ ተማሪ ‹‹ታዲያ ጽድ ይሁን ወይራ ከምን ጋር አስተያይተን ነው የምናውቀው›› ብሎ ጠየቀ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ዛሬ ካለው ዛፍ ጋር ነው። ከታወቀ ዛፍ ቅርንጫፍ ትወስዳላችሁ፣ ስሙን የዕፅዋት ባለሙያ ያረጋግጣል፣ በፎይል ጠቅልላችሁ ታከስሉታላችሁ፣ ስሙን ጽፋችሁ ታስቀምጡታላችሁ፣ በቃ የማመሳከሪያ ስብስብ ማለት ይሄ ነው። ለዚህ ደግሞ ጎንደር የታደለች ናት፣ በየገጠሩ ያለውን የቤተክርስቲያን ደን አስቡት፣ ጽዱ፣ ወይራው፣ ዋንዛው፣ ብሳናው፣ ዶቅማው፣ ቀጋው፣ አጋሙ፣ ክትክታው፣ ሌላ ቦታ የጠፋው ሁሉ እዛ አለ። አስተዳዳሪውን አስፈቅዶ የወደቀ ቅርንጫፍ መውሰድ ነው፣ ፈረንጅ እስኪመጣ የሚጠበቅበት ሥራ አይደለም።

ቁፋሮ ላይ ደግሞ ከሰሉን በእጅ መልቀም ብቻ አይበቃም፣ በእጅ ሲለቀም ትልቁ ትልቁ ብቻ ነው የሚነሳው፣ ቶሎ የሚደቅ እንጨት ይቀራል፣ ከዛ ጥንት ሰው ጠንካራ እንጨት ብቻ ነበር የሚያነደው የሚል የውሸት ታሪክ ይወጣል። አፈሩ ውሃ ውስጥ ተጨምሮ ቀስ ተብሎ ይማሰላል፣ ከሰሉና የተቃጠለው እህል ሲንሳፈፍ በወንፊት ይያዛል። ከአንድ የአፈር ንጣፍ ደግሞ አስር ቁራጭ አይቶ መናገር አይቻልም፣ መቶም ከዛ በላይም መታየት አለበት፣ አዲስ ቁራጭ እየጨመራችሁ አዲስ የዛፍ ዓይነት መምጣት እስኪያቆም ድረስ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ከሰሉ ጽድ ነው ተባለ እንበል፣ ታዲያ አካባቢው የጽድ ደን ነበር ማለት ነው? ይሄ ክርክር የቆየ ነው። እንግሊዝ አገር ሜይደን ካስል የሚባል ጥንታዊ ምሽግ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1940 ሳሊስበሪና ጄን የሚባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች የዛን ቦታ ከሰል አይተው ስለ ጥንቱ ደን ጻፉ፣ በማግስቱ ዓመት ጎድዊንና ታንስሊ ተነስተው ሰው መርጦ የለቀመውን እንዴት የደኑ መልክ ነው ትላላችሁ ብለው ሞገቷቸው። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ለዕለት ማገዶ ሰው ብዙ አይመርጥም፣ ቅርብ ያለውን ደረቁን ያነሳል፣ ስለዚህ ለብዙ ዓመት ከየምድጃው ተጠርጎ ግቢ ውስጥ የተበተነው ከሰል የአካባቢውን ዛፍ ጥሩ አድርጎ ያሳያል። አንዲት ምድጃ ውስጥ ያለው ግን የመጨረሻዋን እሳት ብቻ ነው የሚናገረው። ምርጫ ያለበትንም ለብቻ ማየት ያስፈልጋል፣ የወተት ዕቃ የምታጥን ሴት ያገኘችውን ጭራሮ አታነሳም፣ ወይራ ነው የምትፈልገው። ብረት ሠሪም ወናፍ የሚነፋው ፍሙ ለሚጠነክር ከሰል ነው፣ ወለቃ አካባቢ ቤተ እስራኤሎች ብረት ሲሠሩበት ከነበረ ቦታ የሚወጣ ከሰልና ከአንድ ገበሬ ጎጆ የሚወጣው አንድ ላይ ተደባልቆ ቢቆጠር የሚወጣው ቁጥር የማንም አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ አባት እጃቸውን አወጡና ‹‹ልጄ፣ ኩበቱስ?›› አሉኝ። አባቴ፣ ልክ ነዎት፣ ትልቁ ቀዳዳ እሱ ነው አልኳቸው። ኩበት የነደደበት ምድጃ የእንጨት ከሰል አይተውም፣ ስለዚህ ከሰሉ ከላይኛው ንጣፍ ላይ ሲቀንስ ሰው ቀነሰ ወይ እሳት ቀነሰ ማለት ላይሆን ይችላል፣ እንጨቱ ርቆ ቤቱ ወደ ኩበት ዞሮ ሊሆን ይችላል። ደግነቱ ኩበትም የራሱን ምልክት ይተዋል፣ ከብትና በግ አንጀት ውስጥ የሚፈጠሩ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታዩ ድቡልቡል የካልሲየም ፍሬዎች አሉ፣ ከሳሩ የሚቀር ሲሊካም አለ፣ አመዱ ውስጥ ይገኛሉ። ስለዚህ አመዱም አይጣልም።

አገራችን ላይ ይሄ ሥራ ጨርሶ አልተነካም ማለት አይደለም። ምሥራቅ ትግራይ ውስጥ መዝብርና ኦና ዓዲ ከሚባሉ ቦታዎች የወጣው ከሰል ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል፣ ከአክሱም በፊት ጀምሮ እስከ አክሱም ዘመን ሰውና ደን እንዴት እንደኖሩ የሚያይ ነው። በእኛ በኩል ግን፣ ጣና ምሥራቅ በኩል ያሉት ዋሻዎች ጆአን ዶምብሮውስኪ በምትባል ተመራማሪ ተቆፍረው የተቃጠለ ገብስና ሽምብራ ወጥቶባቸዋል፣ ጎርጎራ ላይም ከዛ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የድንጋይ መሣሪያ ተገኝቷል፣ እህሉና ድንጋዩ ስሙ ተነሳ፣ እንጨቱ ግን ያን ያህል ወሬ አልሆነም።

የጎንደርን ጥያቄ ልዩ የሚያደርገው ምን መሰላችሁ። ከጎንደር በፊት የነበሩት ነገሥታት ብዙ ጊዜ በድንኳን ከተማ ነበር የሚንቀሳቀሱት፣ አንድ ቦታ ተቀምጠው ሲቆዩ ስንቁም ማገዶውም ያልቃል፣ ከዛ ይነሳሉ፣ የታሪክ ሰዎች ለዚህ መንከራተት ከሚሰጡት ምክንያት አንዱ ይሄ የማገዶ ነገር ነው። ከዛ አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. እዚህ ተቀመጡ፣ ከተማዋም ቀረች። ታዲያ ማገዶ ያባርር ከነበረ ጎንደርን ለምን አላባረራትም? ደኑ ሰፊ ነበር? ከሩቅ በአህያ ይመጣ ነበር? ወደ ኩበት ዞረው ነበር? ወይስ የማገዶው ምክንያት ራሱ የተጋነነ ነው? ይሄን ቁጭ ብሎ በመከራከር መፍታት አይቻልም፣ ከአንድ የቆሻሻ ክምር ከታች ወደ ላይ በየንጣፉ ከሰሉን መቁጠር ነው፣ ከታች ጽድና ወይራ በፍልጥ መጥቶ ወደ ላይ ሲኬድ ክትክታና ጭራሮ እየበዛ ከሄደ አንድ ነገር ነው፣ ካልተለወጠ ሌላ ነገር ነው።

ሁላችንም ከመቶ ዓመት በፊት የአገሪቱ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር የሚለውን ስንሰማ ነው ያደግነው አይደል፣ ትምህርት ቤት፣ ሬዲዮ፣ ሪፖርት ላይ። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን ይሄን ቁጥር ተከታትሎ ሄዶ መሠረት እንደሌለው አሳይቷል። ወሎ ውስጥ ሐይቅና ሐርዲቦ በሚባሉ ሁለት ሐይቆች ላይ ከወለላቸው በወጣ ጭቃ የተሠራ ጥናት ደግሞ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ፣ የዛፍ የአበባ ብናኝና ደቃቅ ከሰል ቆጥረው፣ ያገኙት ግን ከለመድነው ወሬ ጋር አይሄድም። ዝግባና ጽዱ የተመነጠረው ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ ነው፣ ከዛ ለ1,800 ዓመት ያህል ክትክታና ሳር ሆኖ ቆየ፣ ከዛ እ.ኤ.አ. ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ጽድ ከነወይራው ተመልሶ ተስፋፋ፣ ባለፉት ሦስት መቶ ዓመታት ደግሞ እንደገና ቀነሰ። ልብ በሉ፣ የፋሲል ግንብ የተሠራው ጽዱ ተመልሶ በነበረበት ዘመን ነው ማለት ነው፣ ቢያንስ ወሎ ላይ። የወሎን ሐይቅ አምጥቶ ጎንደር ላይ መለጠፍ አይቻልም፣ እኔም አልለጥፍም፣ ግን ጥያቄው እንዴት እንደሚያጓጓ አያችሁ?

እና ጎንደር ሌላም ነገር አላት፣ ያሳዝናል እንጂ፣ እሳት። በ1859 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን አቃጠሉ፣ በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አነደደ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከተረፉት ነው። የተቃጠለ ቤት ከሰል ከምድጃ ከሰል ይለያል፣ ማገዶ ሳይሆን ምሰሶ፣ ወራጅ፣ ማገር፣ ሳንቃ ነው፣ ለቤት ሥራ ምን ዛፍ እንደሚመርጡ የሚናገረው እሱ ነው። ለዚህ ነው ወፍራም የተቃጠለ ንጣፍ ስታዩ ከስሩ ካለው የምድጃ አመድ ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ አትክተቱት የምለው።

ባህር ዛፍንም ላንሳ፣ እሱ ለእኛ ጥሩ ምስክር ነው። ወደ አገራችን የገባው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአፄ ምኒልክ ጊዜ ነው። ስለዚህ የፋሲል ዘመን ነው በተባለ ንጣፍ ውስጥ የባህር ዛፍ ከሰል ከወጣ ያ ንጣፍ ተነካክቷል፣ አይጥ ቆፍሮት ወይ ሰው ጉድጓድ አውጥቶበት።

ከአስጎብኚዎቹ አንዷ እህታችን በመጨረሻ የጠየቀችኝ ሁላችሁም ልትጠይቁት የሚገባ ነው፣ ‹‹ከሰሉን ላብራቶሪ ብንልከው ይሄ ግንብ የተሠራበትን ዓመት ቁርጥ አድርጎ ይነግረናል?›› አለች። እህቴ፣ አይነግረንም። ካርቦን 14 የሚባለው ዘዴ፣ ዊላርድ ሊቢ እ.ኤ.አ. በ1960 ኖቤል የተሸለመበት፣ የሚለካው ዛፉ ያንን ቀለበት ያበቀለበትን ጊዜ ነው፣ ሰው ያቃጠለበትን አይደለም። ጽድ ደግሞ መቶ ዓመታት የሚኖር ዛፍ ነው፣ ከመሃሉ የመጣ ፍልጥ ከደረሳችሁ ቀኑ ወደኋላ ይሄድባችኋል። ለዚህ ነው ባለሙያ ጭራሮ ወይ የእህል ፍሬ የሚመርጠው፣ እና ለዚህም ነው ከመላኩ በፊት ዛፉ መታወቅ ያለበት። ሁለተኛው ችግር የባሰ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1650 ወዲህ ላለው ዘመን የካርቦን ማስተካከያው መስመር፣ ልኬቱ ወደ ዓመት የሚቀየርበት ማለት ነው፣ ስለሚዋዥቅ አንድ ናሙና ሦስት አራት የተለያየ ዘመን ይሰጣችኋል፣ ማለትም የጎንደር ዘመን አብዛኛው ዘዴው የሚንተባተብበት ቦታ ላይ ነው የወደቀው። ለአክሱም፣ ለጎርጎራ ጥሩ ነው፣ ለኢያሱ ግንብ አይጠቅምም ማለት ይቻላል።

የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው። ክረምታችን አንድ ስለሆነ ጽድ እዚህ በየዓመቱ ቀለበት ይሠራል፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ሰሜን ጎንደር ላይ የተለያዩ ጽዶችን ቀለበት እርስ በርስ ማመሳሰል እንደሚቻል አሳይቷል። ይሄ እየተመሳሰለ የተያያዘ የቀለበት ሰንሰለት ወደኋላ እየተቀጠለ ቢሄድ አንድ ወራጅ ቅርፊቱ እስከነበረበት ድረስ ካለ የተቆረጠበትን ዓመት ማወቅ ይቻላል። ሰንሰለቱን የሚቀጥለው ግን አሮጌ እንጨት ነው። ስለዚህ የምለምናችሁ፣ ቤተክርስቲያን ሲታደስ፣ ያረጀ ቤት ሲፈርስ፣ የወጣውን የጽድ ምሰሶና ወራጅ ለማገዶ ከመስጠታችሁ በፊት ቅርፊት ካለበት በኩል ስንዝር የምታህል ቁራጭ አስቆርጡ፣ ከየትኛው ቤት፣ ከየትኛው ጎን እንደወጣ በእርሳስ ጻፉበት፣ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። መሠረት ስትቆፍሩ ደግሞ የከሰል ንጣፍ ካጋጠማችሁ ቁፋሮውን አቁማችሁ ለባህል ቢሮ ንገሩ፣ የቅርስ አዋጁም፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992፣ በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ይነገር ነው የሚለው። አትጠቡት፣ ጥጥ ውስጥ አትጠቅልሉት፣ ሙጫም አታስነኩት፣ ባለሙያ እስኪመጣ ድረስ ባለበት ተከድኖ ይቆይ።